እንዲበሰብስ የተሰጠ ቅንጣቢ

የሕንጻው ሰው በሙሉ «ጋሽ ማይክ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስምማ አለው፤ ግን ያን ስም የሚያውቁት እሱና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አንዳንዴ ይጠራጠራሉ። ዕድሜውን የጨረሰው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ቢገባባት አንደኛው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መቆም ግድ በሚሆንባት የመስታወት ክፍል ተቀምጦ፣ ማይክሮፎን አፉ ላይ ደቅኖ፣ የሚነሣውንና የሚደርሰውን አውቶቡስ ሲያውጅ ኖረ። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች! በሦስተኛው በር የቆመው አውቶቡስ ሊንቀሳቀስ ስለሆነ...» ብሎ ሲጀምር፣ ጣራው ላይ ያሉት እርግቦች ሳይቀሩ ሻንጣቸውን የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። በዚህ ዓለም ከሚኖረው ሕዝብ ግማሹን ከቤቱ አስወጥቶ የሸኘው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንም ትንሽ ነው።

ሥራው አንድ እንከን ብቻ ነበረው፤ መልስ የለውም። ሰው ይሰማዋል፣ ይሮጣል፣ ይሄዳል። ያን ሁሉ ዘመን «እሺ ጋሼ» ብሎ ወደ መስታወቷ ዞር ያለ አንድ መንገደኛ አልነበረም። ያኔ ግን አልታወቀውም። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ነበረች፤ እሷ በመንገደኞቹ ሁሉ ስም ትመልስለት ነበር፤ ያልጠየቃትንም ጨምራ። እሷ አረፈች። ብዙም ሳይቆይ እሱ ጡረታ ወጣ። በቦታው የአንዲት ሴት ድምፅ በማሽን ተቀድቶ ገባ፤ የማይስል፣ የማይደክም፣ ለሻይ የማይነሣ ድምፅ። በስንብቱ ቀን ባልደረቦቹ አጨበጨቡለትና ስጦታ ብለው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አስታቀፉት። እሱ የእጅ ሰዓት ነበር የጠበቀው። ሲፈታው ተክል ሆኖ ተገኘ።

ተክሉ ከነዚያ ቅጠላቸው ድብልብል፣ ውሃቸውን በሆዳቸው ቋጥረው ከሚኖሩት፣ የቁልቋልና የሬት የአክስት ልጆች ከሚመስሉት አንዱ ነው። አበባ ሻጮች «ሰኩለንት» ይሉታል። ጋሽ ማይክ አንድ ጊዜ አየውና «ወፍራሙ» ብሎ ስም አወጣለት፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያም ረሳው። ወፍራሙ መረሳቱን እንደ ውለታ ቆጥሮ ተመቸው፤ አደገ።

አንድ ቀን መስኮቱን ሲከፍት ክርኑ ነካውና አንዱ ቅርንጫፍ ተገነጠለ። ቆይቶ ሊጥለው ቁራጩን ባዶ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖረው። ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ውስጥ አንድ ሳህን ስንት ዘመን ከቦታው ሳይነቃነቅ ሊቀመጥ እንደሚችል የኖረበት ያውቀዋል። አንድ ጠዋት ሻይ ሲጥድ ዓይኑ ድንገት እዚያ ላይ ዐረፈ። የተገነጠለበት ቦታ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል፤ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ እንደ ሕፃን ፀጉር የቀጠኑ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደሉ ሥሮች ብቅ ብለው አየሩን ይዳብሳሉ። አፈር የለ፣ ውሃ የለ፣ አይዞህ ባይ የለ።

«እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ በምን ወኔ ነው?» አለው።

በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ማይክን የያዘውን ነገር ሐኪም ቢያየው ስም ያወጣለት ነበር። ቢላዋውን በምድጃ እሳት ለብለብ ያደርጋል፤ ይቆርጣል፤ የታችኞቹን ቅጠሎች ይለቅማል፤ ቁራጩን ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ሳህን ላይ ዘርግቶ ሳምንት ያህል ያደርቀዋል። ቁስሉ ጠጠር ብሎ ቅርፊት ሲይዝ ብቻ ነው አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ የሚያቆመው። ውሃ? ውሃ የለም። ሥር ሳይዝ ውሃ ያገኘ ቅንጣቢ ያለቀለት ነው። ሥር መያዙን የሚያረጋግጠው በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ሳብ በማድረግ ነው፤ እምቢ ካለው ይዟል። «እምቢ አለኝ!» እያለ ሲቦርቅ የሰማ ሰው ሽምግልና ልኮ የተመለሰበት ሊመስለው ይችላል።

የእርጎ ዕቃ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ማንቆርቆሪያ፣ ሁሉም በምስማር ታቹ ተበስቶ ማሳ ሆነ። መስኮቶቹ ሞሉ፤ የፍሪጁ አናት ሞላ፤ የሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ሞላ። ጫማው ውስጥ ሳይቀር ተክሏል ብለው የሚያሙት አሉ፤ ነጭ ውሸት ነው፤ የተከለው የጫማው ካርቶን ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት መካከላቸው ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርግና «ክቡራትና ክቡራን!» ይላል። እነሱም እንደ መንገደኞቹ ናቸው፤ ይሰሙታል እንጂ አይመልሱም። ብቻ አይሄዱም።

ቤቱ ሲጠብ ማደል ጀመረ። እውነቱን ለመናገር የጠበበው ቤቱ አልነበረም፤ ቀኑ ነበር የሰፋው። ለአንዱም ለሌላውም ጎረቤት በሚገባ የደረቀ፣ ቅርፊት የያዘ ቅንጣቢ እየሰጠ፣ «ያልገባችሁ ነገር ካለ በሬ ክፍት ነው» ይላል። በሩም እውነትም ክፍት ዋለ። ነፋስ ገባ፤ የማንም ያልሆነች ድመት ገባች፤ ሰው ግን አልገባም። ከእሱ ታች የሚኖረውን የመኪና መንዳት አስተማሪ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ያዘው።

«እንዴት ሆነልህ ተክሉ?»

«የቱ? አሃ! ምን ዓይነት ጉድ ነው የሰጡኝ ጋሼ! ውሃ የሚባል ነገር ካሳየሁት ስንት ጊዜዬ! ደረቱን ነፍቶ እያደገ ነው። እንዲህ ዓይነት ተማሪ ቢገጥመኝ ኖሮ ይኼ ፀጉሬ ባልረገፈ!»

«ምናልባት ቅጠሉ ቢጫ ቢጫ አይልም?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

«ነጭ ነገርስ? እንደ ጥጥ ያለ?»

«ንጹሕ!»

«እንግዲህ ያው... አንድ ችግር ካየህበት...»

«ምንም ችግር የለበትም፤ በእኔ ይሁንብዎ፣ አይጨነቁ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወረደ።

የጋሽ ማይክ ጥፋት ግልጽ ነው። ጽጌረዳ ቢያድል ኖሮ በሩ ላይ ወረፋ ይያዝ ነበር፤ ጽጌረዳ ትታመማለች፣ ታኮርፋለች፣ ምክር ትፈልጋለች። እሱ ግን ከዕፅዋት ሁሉ መርጦ ማንንም የማይፈልገውን ሰጠ። ለጎረቤቱ ሁሉ ያከፋፈለው ነገር ቢኖር «ወደዚህ ሰውዬ መመለስ አያስፈልግም» የሚል ማስረጃ ነው።

ሹራብ ሠሪዋ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ከእሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ፣ ከመንዳት አስተማሪው በር ፊት ለፊት ብቻዋን ትኖራለች፤ ለተማሪ ቤቶች ሰማያዊ ሹራብ ትሠራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድያ ልጇ ባል አግብታ ሩቅ ከተማ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ለሰው ሁሉ ሲያድሉ እኔን ምነው ዘለሉኝ? መልኬ ውሃ የሚያበዛ ይመስላል?»

ያን ዕለት የደረቀ ቅንጣቢ አልነበረውም። «ዛሬ ልቁረጥልዎና ሳምንት ይድረቅ፤ ቅዳሜ ይምጡ» ቢላት ያበቃ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዘመን «ይሂዱ» ብሎ የላከው ሰው ተመልሶ ወደ መስታወቷ ሲመጣ አይቶ አያውቅም። ፈራ። እዚያው ቆረጠና ርጥቡን፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ፣ አፈር ከሞላ የእርጎ ዕቃ ጋር እጇ ላይ አኖረው። ይህኛው በየዋህነት ነው፤ ልንምረው እንችላለን።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የእርጎ ዕቃውን በመሐረብ ሸፍና፣ ለቅሶ ቤት እንደምትገባ ሴት አንገቷን ሰብራ።

«ጋሼ፣ ገደልኩት።»

መሐረቡ ሲገለጥ ቅንጣቢው እንደ በሰበሰ ሙዝ ጠቁሮ፣ ግንዱ ለስልሶ ጎንበስ ብሏል። ጋሽ ማይክ እንደ ሐኪም አገላበጠው፤ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ «ይግቡ እስቲ፣ ይቀመጡ፤ እንነጋገርበት» አለ። ሻይ ሊያቀርብ ሁለተኛ ስኒ ፈለገ፤ ሁለተኛው ስኒ ውስጥ ወፍራም ተከራይቶበታል። ተከራዩን ያለ ማስጠንቀቂያ አስወጥቶ ስኒውን ፈትጎ አጠበው። እሷ ከቦርሳዋ ክርና መርፌዎቿን አወጣች፤ እየሠራች አወራች። ስለ ትምህርት ቤቱ አወራች፤ የተማሪዎቹ ሁሉ ክንድ እኩል ርዝመት ነው ብሎ የሚያምን ዳይሬክተር አለው። ስለ ልጇ አወራች። የሰርዲን ቆርቆሮዎቹን እያየች «እነዚህ ሁሉ ዓሦች የሞቱት ለዚህ ነው?» ብላ እስክታነባ ሳቀች። የኮቱን ኮሌታ «ተጣሟል» ብላ በጣቷ አቃናችለት። ውጭው ደብዘዝ ሲል ተነሣች።

ሳህኑ ላይ በሚገባ የደረቀ፣ ቅርፊቱ እንደ ጠጠር የጠነከረ ቅንጣቢ ነበር። የጋሽ ማይክ እጅ ወደ ሳህኑ ተዘረጋ። ሳህኑን አልፎ ሄደና ቢላዋው ላይ ዐረፈ።

ርጥቡን ቆርጦ ሲሰጣት፣ አፉ ከእጁ ብሶ፣ «ጠዋትና ማታ ውሃ ይስጡት፤ አይሰስቱበት» አለ።

እነሆ በዚህ ዓለም ላይ ተክል እንዲሞት ተግቶ የሚሠራ የመጀመሪያው አትክልተኛ ተገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ መሐረብ የለበሰ ሬሳ ይመጣል፤ ምርመራ ይደረጋል፤ ሻይ ይፈላል፤ መርፌዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፤ ምሽት ሲል አዲስ ርጥብ ቅንጣቢ ይቆረጣል። ጋሽ ማይክ ዐርብ ይላጫል። ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን ይቦርሻል። ከእሑድ እስከ ዐርብ ያሉት ቀናት ወደ ቅዳሜ የሚወስዱ ደረጃዎች ሆኑ፤ እሱም መደገፊያውን ይዞ ይወጣቸዋል። የደረጃው ላይ ኮቴ የእሷ ይሁን የሌላ ሰው ለይቶ ያውቃል፤ ማንኳኳቷንም፤ ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ላላ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዟት ስትዘገይ ሁለቱን ስኒዎች ደጋግሞ ከማጠቡ የተነሣ ሥዕላቸው ሊለቅ ደርሶ ነበር።

ለሌሎቹም ሞክሮ ነበር፤ ክፋቱ ወጥነት እንዲኖረው። ለመንዳት አስተማሪው ሁለተኛ ቅንጣቢ ብሎ ርጥብ ሰጠው። እሱ ሲበሰብስበት ወረወረውና ገበያ ሄዶ የፕላስቲክ ገዛ። ተመልሳ የመጣችው እሷ ብቻ ናት። አንዳንዴ መስታወት ፊት ሲላጭ ኅሊናው ጥያቄ ያነሣበታል። «ምን አጠፋሁ? ቅጠል እኮ ነው!» ብሎ አረፋውን ያጥበዋል።

አንድ ቅዳሜ በጊዜዋ አንኳኳች፤ ግን ዕቃ አልያዘችም። መሐረብ የለ፣ ክር የለ፣ መርፌ የለ። ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ልጄ ወለደች፤ ሴት ልጅ» አለች።

«እሰይ! እልል ነው እንጂ! ታዲያ ምነው ፊትዎ?»

«ሥራ ልትመለስ ነው። 'እማዬ፣ ነይና እኛ ጋ ኑሪ፤ ልጄን ለሌላ ሰው አልሰጥም' ትላለች። ቤቱን ልቀቂና ጠቅልለሽ ነይ ነው የምትለው። ነገ ከምሳ በኋላ ደውላ ቁርጡን ልትሰማ ነው።»

ጋሽ ማይክ ሻይ መቅዳቱን አላቆመም፤ ስኒው ግን ሞልቶ መፍሰሱን አላየም።

«አልሄድም ልላት ነው» አለች ሹራብ ሠሪዋ።

ጋሽ ማይክ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «ለምን?»

«ይስቁብኛል።»

«አልስቅም።»

«ይኼ እጄ።» አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው፤ ከዚህ በፊት አይታው እንደማታውቅ ሁሉ አገላበጠችው። «ሕንጻው ሁሉ ረስቶት የሚያድግ ቅጠል እኔ ስነካው ይበሰብሳል። እየተነሣሁ አጠጣዋለሁ፤ እንዳሉኝ ጠዋትና ማታ፤ አነጋግረዋለሁ፤ ይሞታል። አንዴ ቢሆን እሺ፤ ሁለቴም። መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ አሁን ግን ማታ ማታ ሳስበው... እጄ የነካው አይበረክትም ጋሼ። የዚያችን ልጅ አንገት በዚህ እጅ ልደግፍ? ለቅጠል ያልሆነ እጅ!»

እዚህ ላይ ጋሽ ማይክ ያደረገውን ሳንደብቅ እንናገር፤ ሰውየውን ብንወደውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እሱ ግን መስኮቱን እያየ፣ «ልጅ ማሳደግ እኮ... ቀላል አይደለም። በዚህ ዕድሜ» አለ። ጥቂት ቆይቶም ጨመረበት፦ «ደግሞ ያ ከተማ ብርድ ነው ይላሉ።»

«እርስዎም እንዲህ ካሉ አበቃ» ብላ ተነሣች። ቅንጣቢም አልጠየቀችም።

አሸነፈ። ቅዳሜዎቹ በሙሉ፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ የእሱ ሆኑ። ድል ያደረገ ሰው እንደሚያደርገው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሻዩን አነሣ፤ ቀዝቅዟል። ተነሥቶ ወፍራሞቹ መካከል ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡራትና ክቡራን» አለ። የሚቀጥለው አልመጣለትም። ያቺ እጅ ዓይኑ ላይ ቆማለች፤ ኮሌታውን ያቃናችለት እጅ፣ እንደ ሌባ መብራት ላይ ተይዛ። ሊያባርራት ስኒ አጠበ፤ አልሄደችም። ሬዲዮ ከፈተ፤ አልሄደችም።

እሑድ ጠዋት አንድ ሳህን ላይ ሁለት ቅንጣቢ አድርጎ፣ አንድ የደረቀ፣ አንድ ርጥብ፣ አንድ ፎቅ ወረደ። ብዙ ዓመት በኖረበት ሕንጻ የሰው በር ሲያንኳኳ ይህ የመጀመሪያው ነው። በየት በኩል እንደሚመታ ግራ ገብቶት በሩን እንደ ሐብሐብ ነካ ነካ አደረገው።

ክፍሏ ውስጥ አካል የሌላቸው ሰማያዊ እጅጌዎች በመደዳ ተሰቅለዋል። የሹራብ መኪናዋ ከነክሩ ቆሟል። መስኮቷ ላይ ደግሞ የእርጎ ዕቃዎቹ፤ የሰጣት ሁሉ፤ ታጥበው፣ ባዶአቸውን፣ በሥርዓት ተደርድረው። አልጣለቻቸውም። ጋሽ ማይክ ያን ሲያይ ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እስቲ ይኼን ይንኩት። ከታች፣ የተቆረጠበትን።»

ነካችው። «ጠጠር ነው።»

«ይኼንንስ?»

«ርጥብ ነው። ያረጥባል።»

«ጠጠሩ ሳምንት የደረቀ ነው። ይበቅላል። ርጥቡ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ማንም ቢተክለው ይበሰብሳል፤ መልአክ ቢተክለው ይበሰብሳል።»

ሁለቱን ቅንጣቢዎች በየተራ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ለእኔ የሰጡኝ የትኛውን ነው?»

«ርጥቡን።»

«ሁልጊዜ?»

«ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም ዐውቄ ነው።»

«ጠዋትና ማታ ውሃ ያሉኝስ?»

«እሱ... መርዙ ነው።»

«ለምን?»

ጋሽ ማይክ አፉን ከፈተ። መናኸሪያ ሙሉ ሕዝብ ያስነሣ የነበረው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ የወጣው ሹክሹክታ ነው። «ካደገላቸው ማንም አይመለስም።»

«አንተ!» አለች ሹራብ ሠሪዋ። «እርስዎ» የሚባለው ነገር በመስኮቱ በርሮ ወጣ። «አንተ የተረገምክ ሽማግሌ! እኔ ለቅጠል ስንሰቀሰቅ! እጄን በሎሚ ሳሽ! ጎረቤቶቼ 'ልጃችንን እቀፊልን' ሲሉኝ ሥራ አለብኝ እያልኩ ስሸሽ፤ ኩራት መሰላቸው እኮ፣ ኩራት! ሕፃን ብነካ እንዳይሞትብኝ ብዬ!»

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና የመንዳት አስተማሪው አንገቱን አወጣ። «ሰላም ነው?»

«ሰላም አይደለም! ና፣ ግባ፣ አንተም ስማው!»

የመንዳት አስተማሪው ለተማሪዎቹ ከሚያሳየው ሁሉ በተሻለ ጥራት ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«አንድ ፎቅ ነው» አለች ወደ ጋሽ ማይክ ተመልሳ፤ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ይኼኛው ከጩኸቱ የባሰ ነው። «አንድ ፎቅ። 'ነይ ሻይ ጠጪ' ማለት ይኼን ያህል አቃተህ? እመጣ ነበር እኮ። ሬሳ ሳልሸከም እመጣ ነበር።»

«ሰው መጥራት አልችልበትም» አለ። «ሥራዬ ማስኬድ ነበር።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ከንፈሯ ላይ መጣና እዚያው ሞተ። «ሂድ አሁን። ስልክ እጠብቃለሁ።»

ወጣ። ሳህኑን ረስቶ ወጣ።

ከምሳ በኋላ ጆሮውን ወለሉ ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረውም። የተናገረችው አልተሰማውም፤ ግን ማክሰኞ አካባቢ የሹራብ መኪናው ተፈታትቶ ደረጃውን ሲወርድ ሰማ፤ ቀጥሎ ቁም ሣጥን ሲጎተት። ሐሙስ ጠዋት የመንዳት አስተማሪው በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው ትፈልጋለች። 'ይቅርታ አይደለም በለው፤ ሻንጣ ነው' ብላለች። ቃል በቃል።»

ሻንጣው የተሸከመውን ሰው ያህል ይከብዳል፤ ምናልባት ሰማያዊው ክር በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። መናኸሪያው ሲደርሱ ጋሽ ማይክ ቀና አላለም። የመስታወቷ ክፍል መጋረጃ ተጋርዶባታል። ከጣራው የሚወርደው የማሽኗ ድምፅ ከቁጥር ወደ ቁጥር ያለ ትንፋሽ ይሻገራል። እርግቦቹም አይነቃነቁም።

«ይህች ናት የተካችህ?» አለች ሹራብ ሠሪዋ።

«እሷ ናት።»

«ታስጠላለች።»

በዚያ ሳምንት የሰማው ከሁሉ ደስ የሚል ቃል ይህ ነበር። ከኮቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቤቱ ውስጥ ጠዋት ሁለቱም ዓይነት ነበሩ፤ የደረቀም ርጥብም። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አይቷቸው ነበር። ያመጣው ግን የደረቀውን ነው።

«መንገድ አይገድለውም» አለ። «ያለ አፈር ይቆያል። ሲደርሱ አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ያቁሙት። ከዚያ ይተዉት።»

«ውሃስ?»

«ሳብ ሲያደርጉት እምቢ እስኪል ድረስ ጠብታ እንዳይነካው።»

ጋዜጣውን ገለጥ አድርጋ ቅርፊቱን በአውራ ጣቷ ሞከረችው፤ አላመነችውማ። ጠጠር ነው። «ከበሰበሰ እደውልልሃለሁ» አለች። «ደውዬም ልክህን እነግርሃለሁ።»

በዕድሜው እንዲህ የጠላው እውነት የለም። «አይበሰብስም» አለ።

«እንግዲያ ምን ብዬ እደውላለሁ?»

ይኼ ቀልድ ይሁን ቅጣት ከፊቷ ሊያነበው አልቻለም። አፉን ከፍቶ፣ «ዝም ብለው ይደውሉ» ሲል፣ በዚያው ቅጽበት ማሽኗ ከጣራው ላይ የመነሻውን በር መጥራት ጀመረች፤ የእሱን ቃል ሙሉ በሙሉ ዋጠችው። ሹራብ ሠሪዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ ለእሱ ይሁን ለድምፅ ማጉያው እንጃ፤ ሻንጣዋን ለአውቶቡሱ ረዳት አስረክባ ተሳፈረች። መቀመጫዋ በወዲያኛው በኩል ነበር። አውቶቡሱ ሲዞር የታየው የሌላ ሰው እጅ ነው።

ቅዳሜ ተላጭቶ ኮቱን ለበሰ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኒው አጠገብ አኖረው። አልጮኸም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልጮኸም፤ ርጥብ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጠቁሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ስድቡ በመስመር በደረሰው ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ስኒ አነሣና አፈር ሞላበት። ስልኩን እንደገና አየው። ዝም ብሏል። እንግዲያ ሥር ይዟል ማለት ነው፤ አሁን ብትስበው እምቢ ይላታል፤ ልጅቷንም አንገቷን ደግፋ ይዛታለች።

«እሰይ!» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደ ድሮው፣ በሙሉ ድምፁ።

ማንም አልመለሰለትም።